የአባቴን እጅ ላለዘቡልኝ የሌክ ፎርክ ባለጀልባ

በዳላስና በጋርላንድ አካባቢ ለምትኖሩ፣ በተለይም ከአገር ቤት ወላጅ መጥቶላችሁ የት እንደምትወስዱት ለጨነቃችሁ።

አባቴ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያደጉ፣ ቆሮሶ በመንጠቆ ሲያወጡ የኖሩ ሰው ናቸው። እዚህ መጥተው ሦስት ሳምንት ሶፋ ላይ ሲቀመጡ ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ። ስለዚህ ከዳላስ በስተምሥራቅ ወደሚገኘው ሌክ ፎርክ ልወስዳቸው ወሰንሁ። መጀመሪያ ያነጋገርሁት ባለጀልባ ቀብዱን ተቀብሎ በዋዜማው ስልኩን ዘጋ። አሁን የማመሰግናቸው ሽማግሌ ግን ቀብድ የሚባል ነገር አላነሡም፤ የሁለታችንን የማጥመጃ ፈቃድ ብቻ እንዳወጣ ነገሩኝ።

ሌክ ፎርክ በ1980ዎቹ ተገድቦ የሞላ ሰፊ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። ብዙ ዛፍ ሳይመነጠር ስለቀረ ደረቅ ግንዱ ዛሬም ከውሃው በላይ ቆሞ ይታያል። ስሙ የሚጠራው በባስ ዓሣው ነው፤ እኛ የሄድነው ግን ክራፒ ለሚባለው ሌላ ዓሣ ነበር። መጋቢት አጋማሽ ላይ ውሃው ወደ 17 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ክራፒ እንቁላል ለመጣል ከጥልቁ ወደ ዳር ይጠጋል። ጎጆ የሚጠብቀው ወንዱ ከሰል መስሎ ይጠቁራል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓሦች ከአባቴ እጅ አመለጡ። የሐዋሳ እጃቸው አይታገሥም፤ ክሩ ገና ሲነካ በኃይል ይመነጭቃሉ። የክራፒ ከንፈር ደግሞ ስስ ነው፣ ይቀደዳል። ሽማግሌው ንግግር ሳያበዙ ከምሳ ዕቃቸው ናፕኪን አወጡ፣ መንጠቆውን ወጉበትና ክሩን ለአባቴ ሰጧቸው። አባቴ እንደ ልማዳቸው መነጨቁት፤ ናፕኪኑ ለሁለት ተቀደደ። ሁለተኛውን ቀስ ብለው ሲያነሡት ግን ወረቀቱ ከነመንጠቆው መጣ። አባቴ ሳቁ። ከዚያ በኋላ እኔ አስተርጓሚነቴን ተውሁ።

ክራፒ ከታች ወደ ላይ ስለሚጎርስ ክሩ ላይ ታስሮ የሚንሳፈፈው ቡሽ ሁልጊዜ አይሰጥምም፤ አንዳንዴ ክብደቱ ይቀልለትና በጎኑ ይጋደማል። ይህን ካወቁ ወዲያ አባቴ "ተኛ! ተኛ!" እያሉ ዘንጉን ማንሣት ብቻ ሆነ ሥራቸው።

አንድ ጊዜ ብቻ ተጣሉ። ሕጉ ከ10 ኢንች በታች የሆነ ክራፒ መያዝ ስለማይፈቅድ ሽማግሌው ሁሉንም በማስመሪያ ይለካሉ፤ በግማሽ ጣት ያነሰውን አንዱን ወደ ውሃው መለሱት። አባቴ "ይህ እኮ የሁለት ሰው ምሳ ነው!" ብለው እስከ ረፋድ አኮረፉ።

19 ይዘን ወጣን። ሽማግሌው ሥጋውን ከአጥንቱ ለይተው ጭንቅላቱን ሊጥሉት ሲሉ አባቴ እጃቸውን ያዙ፤ ለሾርባ ነው። ሰውየው ትንሽ ገርሟቸው ዝም አሉ፣ ከዚያም ጭንቅላቶቹን አንድ በአንድ አጥበው፣ ስንጥባቸውን አውጥተው፣ በረዶ ላይ ደርድረው ሰጡን። ሁዳዴ ስለነበር ሁሉም ፍሪዘር ገባ። ጾም ላይ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እባካችሁ እዚህ አታንሡብኝ፤ አባቴ አይበሉም፣ አለቀ።

ዋጋቸው ከሌሎቹ አይበልጥም። ጀልባዋ ግን ትንሽ ናት፣ ከሁለት እንግዳ በላይ አትይዝም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ውሃው ላይ መሆን ስለሚፈልጉ በሌሊት መነሣት ግድ ነው፤ ነፋሱ ስለሚበርድ ለሽማግሌዎቻችሁ ጋቢ ያዙላቸው። ፈቃዳቸውን ስላልጠየቅሁ ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ አላወጣም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የሚያዝያን የመጀመሪያ ቅዳሜ ግን አትጠይቁ፣ አባቴ ይዘውታል።