መሪዬ 90 ላይ ሲንቀጠቀጥብኝ ችግሩን ያገኘልኝ የናዝሬት ጎማ ቤት

ሰላም ናችሁ፣ ይሄን የምጽፈው በፈጣን መንገዱ ከአዳማ አዲስ አበባ ለምትመላለሱ ሰዎች ነው። ሁለት ወር ሙሉ መሪ እየተንቀጠቀጠብኝ ነድቻለሁ፣ ያላግባብ እቃም አስቀይሬያለሁ፣ በመጨረሻ ችግሩ የተፈታው ከሁሉም በረከሰው ነገር ነው።

መኪናዬ ቪትዝ ናት። ከተማ ውስጥ ምንም የላትም፣ ቅቤ ናት በቃ። ፈጣን መንገዱ ላይ ወጥቼ 80 ስደርስ ግን መሪው ጣቴን መንዘር ይጀምራል፣ 90 እና 95 ላይ እስከ ክርኔ ይርገበገባል፣ 110 ሳልፍ ደሞ መልሶ ቀለል ይላል። እናቴን በየወሩ ለህክምና አዲስ አበባ ነው የማመላልሳት፣ አንድ ቀን «ልጄ ይሄ መኪና ወባ ያዘው እንዴ» አለችኝ፣ ናዝሬት ያደገ ሰው ወባ ሲያንቀጠቅጥ እንዴት እንደሆነ ያውቃል። ከዛ ቀን በኋላ እሷን ይዤ ከ70 በላይ መንዳት ፈራሁ፣ 85 ኪሎ ሜትር አካባቢ የሆነውን መንገድ ከከባድ መኪና ኋላ ኋላ እየተጎተትኩ ነበር የምሄደው።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቤት፣ ስሙንም ሰፈሩንም አልጠራም፣ ነግሬያቸው ሳልጨርስ «አላይመንት ነው» አሉኝ፣ የጎማዎቹ አቅጣጫ ተዛብቷል ማለታቸው ነው። ሰቀሏት፣ ቲሮዱ፣ መሪውን ከፊት ጎማ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ፣ ተበልቷል ተባለ፣ ሁለቱም ተቀየረ፣ አላይመንት ተሠራ፣ ከፈልኩ፣ ሞጆ ሳልደርስ ያው መንቀጥቀጥ። ተመልሼ ስሄድ «መንገዱ ነው» አሉኝ፣ ፈጣን መንገዱን እኮ ነው! ከብሩ በላይ ያናደደኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ የወጣውን አሮጌ ቲሮድ በእጄ ይዤ ሳወዛውዘው ጠጣር ነበር፣ ምንም ላሽቆ አልነበረም። አሁን ሲገባኝ ደሞ አላይመንት ሲበላሽ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል ወይ ጎማውን ባንድ በኩል ይበላዋል እንጂ በአንድ ፍጥነት ላይ ብቻ መጥቶ የሚጠፋ ንዝረት አብዛኛውን ጊዜ የሱ ምልክት አይደለም።

ከዛ አንድ ሹፌር ጓደኛዬ ፍራንኮ አካባቢ ወዳለ ጎማ ቤት ላከኝ። የሱቁ ስም እንኳን አልተጻፈበትም፣ ታፔላው ላይ የተሳለ ጎማ ብቻ ነው ያለው። ባለቤቱ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፣ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። መኪናዋን ከመንካታቸው በፊት ቆመው ጠየቁኝ፣ ስንት ላይ ነው የሚጀምርህ፣ የሚንቀጠቀጠው መሪው ነው ወይስ መቀመጫህ፣ ፍሬን ስትይዝ ይብሳል፣ ነዳጅ ስትሰጥስ፣ ጎማ ያስነካኸው መቼ ነው። እኔም ለምን ይሄን ሁሉ ብዬ ስጠይቃቸው ሳይሰለቹ አስረዱኝ። መሪ ላይ ከተሰማህ ብዙ ጊዜ የፊት ጎማ ነው፣ መቀመጫህ ስር ከተሰማህ የኋላውን እንይ፣ ፍሬን ስትይዝ ብቻ ከሆነ ወደ ዲስኩ እንሄዳለን፣ ነዳጅ ስትሰጥ ብቻ ከሆነ ደሞ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ ይታያል፣ ያንተ እንደምትለው ከሆነ ግን ከጎማ ሚዛን ነው የምንጀምረው አሉ።

በክሪክ አነሷት፣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ነቀነቁት፣ እዚህ ጋ ቢላላ ኩሽኔታ ወይ ቦል ጆይንት (የጎማው መገጣጠሚያ) ነው፣ ከዛ ከግራና ከቀኝ ይዘው ነቀነቁት፣ ይሄ የቲሮድ ነው፣ ሁሉም ጠጣር። ቀጥሎ ያደረጉትን ግን ሌላ ቦታ አይቼው አላውቅም፣ አንድ ካቻቢቴ ድንጋይ ላይ አስደግፈው ጫፉን ቸርኬው ጠርዝ አጠገብ አድርገው ጎማውን በእጃቸው ቀስ አድርገው አዞሩት። ቸርኬው ከካቻቢቴው ጋር ያለው ክፍተት አልተለወጠም፣ ስለዚህ አልተጣመመም። ጫፉን ወደ ጎማው ጥርስ ሲያዞሩት ግን የግራው ጎማ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ከፍ ብሎ ካቻቢቴውን ይነካዋል፣ ይዞራል ይዞራል ያው ቦታ ሲመጣ ጭርት። በዓይኔ አየሁት!

የቀኙ ደሞ ሌላ ጉድ ነበረው። ሲፈታ የቸርኬው የውስጥ ክፍል ጥቁር ጭቃ ደርቆ እንደ ልስን ተጣብቆበታል። ክረምት ላይ ለቅሶ ወንጂ ሄጄ የሸንኮራው ማሳ መንገድ ላይ ጭቃ ውስጥ ገብቼ ነበር፣ ላቫጆ ደሞ ከውጭ ያለውን ብቻ ነው የሚያጥበው። ሚዛን የሚለካው ማሽን ላይ ሲሰቅሉት በውስጥ በኩል የ65 ግራም ልዩነት አሳየ። ጭቃውን ፍቀው መልሰው ሲያዞሩት 20 ሆነ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል አይደል፣ እኔም መስሎኝ ነበር፣ ግን የኔ ጎማ በ90 ስሄድ በሰከንድ ከ13 ጊዜ በላይ ነው የሚዞረው፣ በዛ ፍጥነት ቸርኬው ጠርዝ ላይ ያለ 45 ግራም ጭቃ ወደ 6 ኪሎ በሚጠጋ ጉልበት ነው ጎማውን በየዙሩ የሚጎትተው። ጉልበቱ ከ90 በላይም ይጨምራል፣ ግን መኪናው ራሱ የሚወዛወዝበት ምት አለ፣ የጎማው ምት ከሱ ጋር የሚገጥመው እዛ ፍጥነት አካባቢ ስለሆነ ነው 110 ላይ የሚቀልልኝ።

የግራውን ቸርኬው ላይ በሚለጠፍ የእርሳስ ክብደት ሚዛኑን አስተካክለው ማሽኑ ዜሮ ዜሮ አለ፣ ጎማው ግን ሲዞር አሁንም ይዘላል። «ሚዛኑ ልክ ነው፣ ጎማው ራሱ ነው ክብ ያልሆነው» አሉኝ። ውስጥ ያለው ሽቦ ከላስቲኩ እየተላቀቀ ነው፣ እንዲህ ያለ ጎማ በሙቀት ላይ በፍጥነት ሲነዳ ሊፈነዳ ይችላል፣ ወደ ኋላ አዛውረህም እንዳትነዳው አሉ። ጎማው ጎን ላይ ዶት ከሚለው ጽሁፍ መጨረሻ ያለውን 4 ቁጥር አሳዩኝ፣ 1115 ይላል፣ በፈረንጆቹ 2015 በ11ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። እኔ ጥርሱን ብቻ እያየሁ ገና ነው እል ነበር። እናቴን ይዤ በዚህ ጎማ ስንት ጊዜ እንደሄድኩ ሳስበው ሰውነቴ ነው የቀዘቀዘው።

አዲስ ጎማ መሸጥ ይችሉ ነበር፣ እዛው ተደርድሯል። እሳቸው ግን «ስኮርታህን አሳየኝ» አሉ፣ ትርፍ ጎማውን ማለት ነው፣ እድሜውን አዩ፣ ሙሉ ጎማ ስለሆነ ሚዛኑን ሠርተው ፊት አሰሩልኝ። ቀጭኑ የአደጋ ጊዜ ስኮርታ ያላችሁ ይሄ አይሠራላችሁም፣ እሱ ከ80 በላይ አይነዳም። ከማሰራቸው በፊት ጎማው የሚቀመጥበትን ቦታ ዝገት በሽቦ ብሩሽ ፈቀፈቁት፣ ዳዶውንም በእጅ ቁልፍ ፊት ለፊት እያፈራረቁ ነው ያጠበቁት።

የማይመቸውን ልንገራችሁ። መብራት ሁለቴ ጠፍቶ ወደ 3 ሰዓት ጠብቄያለሁ፣ ጥላም መቀመጫም የለም፣ የአዳማ ነፋስ አቧራውን አፍ ውስጥ ነው የሚጨምረው። ደረሰኝ የለም፣ አላይመንትም አይሠሩም። ዋጋው ግን የ4ቱም ጎማ ባላንስ ተደምሮ የመጀመሪያው ቤት ለአላይመንት ብቻ ካስከፈለኝ ያነሰ ነው፣ በቴሌብርም ይቀበላሉ።

በነጋታው ብቻዬን ወጣሁ። 80፣ 90፣ 95፣ መሪው ዝም። 110 ድረስ አየሁት ዝም። ከ100 ላይ ፍሬን ስይዝ ትንሽ ንዝረት ቀርታለች፣ እሷን ጋሼም ቀድመው ነግረውኛል፣ የዲስክ ናት፣ ጋራዥ ሄደህ ዲስኩን ሳታስለካ እንዳትቀይር ብለውኛል። ስኮርታ ሳይኖረኝ ሩቅ መንገድ ስለማልፈልግ እናቴን ከመውሰዴ በፊት አንድ አዲስ ጎማ ከሳቸው ገዛሁ።

የምትሄዱ ቅዳሜን ተዉት ወረፋ ነው፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ድረሱ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ደሞ ላቫጆ ላይ ቸርኬውን ከውስጥ በኩል አሳጥቡ።