ፕሮ ሳይክሊንግ ማናጀር ወይስ ቱር ደ ፍራንስ? የትኛውን እንግዛ?

የብስክሌት ውድድር ወዳጅ ጌም ልግዛ ብሎ ሲፈልግ ሁለት ስሞች ጎን ለጎን ይመጡለታል። አንዱ ፕሮ ሳይክሊንግ ማናጀር፣ ሌላው ቱር ደ ፍራንስ ይባላል። ሁለቱንም የሚሠራቸው ሲያናይድ የተባለ የፈረንሳይ ስቱዲዮ ነው። የሚያሳትማቸውም አንድ ድርጅት ነው፤ ናኮን። በየዓመቱ እውነተኛው የቱር ደ ፍራንስ የብስክሌት ውድድር ከመጀመሩ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብለው አዲስ እትም ያወጣሉ። መልካቸውም ይመሳሰላል። ስለዚህ አንዱን ፈልጎ ሌላውን መግዛት በጣም ቀላል ነው።

በቱር ደ ፍራንስ ጌም ኮርቻው ላይ የተቀመጣችሁት እናንተ ናችሁ። በማናጀሩ ደግሞ ቡድኑን የምትመሩት እናንተ ናችሁ። ምርጫው የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

ከቱር ደ ፍራንስ እንነሳ። ጆይስቲክ ትይዛላችሁ፣ አንድ ጋላቢ ትነዳላችሁ። ስክሪኑ ላይ ሁለት የጉልበት መለኪያዎች አሉ። ሰማያዊው ለረጅሙ መንገድ የሚቆጠበው ጉልበት ነው፤ ቀዩ ለማጥቃት የምታወጡት ነው። ቀዩን ዳገቱ እግር ላይ ከጨረሳችሁት ጫፉ ላይ ሌሎቹ ጥለዋችሁ ይሄዳሉ። ከሰው ጀርባ ገብቶ ከነፋስ መከለል፣ ቁልቁለት ላይ ኩርባውን ሳይስቱ መታጠፍ፣ ጉልበት መተኪያውን በሰዓቱ መውሰድ፤ ደስታው እዚህ ላይ ነው። ቡድን የመገንባት ክፍልም አለው፣ ግን ጥልቀት የለውም። ፕሌይስቴሽን ወይም ኤክስቦክስ ብቻ ካላችሁ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፤ ያላችሁ አማራጭ ይሄ ነው። ማናጀሩ የሚሠራው ዊንዶውስ ባለው ኮምፒውተር ላይ ነው።

ማናጀሩ ሌላ ዓለም ነው። ቡድን ትመርጣላችሁ፣ በጀት ይሰጣችኋል፣ ስፖንሰሩ ዓላማ ያስቀምጥላችኋል። ኮንትራት ታድሳላችሁ፣ ወጣት ትፈልጋላችሁ፣ ማን የት እንደሚወዳደር ትወስናላችሁ። ጋላቢው ዓመቱን ሙሉ በምርጥ አቋም ላይ አይቆይም። መቼ ጫፍ ላይ እንደሚደርስ የምታቅዱት እናንተ ናችሁ። ለጣሊያኑ ትልቅ ውድድር ለጂሮ ዲታሊያ ካደረሳችሁት ለቱሩ ሊደክምባችሁ ይችላል። ለእያንዳንዱ ሰው የተራራ፣ የሜዳ፣ የስፕሪንት (የመጨረሻው ፈጣን ሩጫ)፣ የድንጋይ ንጣፍ መንገድ፣ የቁልቁለትና የግል ሰዓት ውድድር ችሎታው በቁጥር ተቀምጧል። በድንጋይ ንጣፍ መንገዱ ወደሚታወቀው የፓሪስ-ሩቤ ውድድር ስትሄዱ ተራራ የሚወጣው ኮከባችሁ ብዙም አይጠቅማችሁም።

ውድድሩ ውስጥ ደግሞ ጨዋታው ይሞቃል። ሜዳማ መድረክ (የአንድ ቀን ጉዞ) ነው እንበል። አራት ሰዎች አፈትልከው ወጥተዋል፤ እናንተ ጥሩ ስፕሪንተር አላችሁ። አሁኑኑ ሁለት ረዳቶች ከፊት አውጥቼ ላስጎትት፣ ማለትም ያፈተለኩትን ላሳድድ፣ ወይስ ሌላ ቡድን እንዲለፋ ልጠብቅ? ቀደም ብላችሁ ከጎተታችሁ መጨረሻ ላይ ስፕሪንተሩን የሚያደርስለት ሰው ያጥራችኋል። ከዘገያችሁ ደግሞ ያፈተለኩት ያመልጣሉ። የፈረንሳይ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ የነበረው ሮቤር ሻፓት የተወው አንድ ስሌት አለ፦ ብቻውን ያፈተለከ ጋላቢ 10 ኪሎ ሜትር ሲቀረው ቢያንስ 1 ደቂቃ ካልቀደመ ይያዛል። ጌሙ ላይም ይህን ይዛችሁ ብትጀምሩ ውሳኔው ይቀላል። ስምንቱንም ልጆቻችሁን በአንድ ጊዜ ታዛላችሁ። አንዱ ውሃ ያመጣል፣ አንዱ መሪውን ይጠብቃል፣ አንዱ ያጠቃል። አሰልቺው ክፍል ሲመጣ ጊዜውን ታፈጥናላችሁ።

እኔ ማናጀሩን የምወደው በተለይ በትንሽ ቡድን ሲጫወቱት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ ከትልልቆቹ ጋር ሲነጻጸር በጀቱ አነስተኛ በሆነው ኢንተርማርሼ-ዋንቲ ማሊያ ሦስት የቱር ደ ፍራንስ መድረኮችን አሸንፎ በነጥብ ለሚመራው የሚሰጠውን አረንጓዴ ማሊያ ወሰደ። የመጀመሪያው ድል ቱሪን ላይ ነበር። ይህን ያየ ሰው አንድን ስፕሪንተር ይዞ፣ ቡድኑን በሙሉ በእሱ ዙሪያ ሠርቶ፣ ሀብታሞቹን መፈተን ያምረዋል። ማናጀሩ ይህን እድል ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ያየን ሰዎች፣ ከአፍሪካ ወጣት አስፈርሞ ለዓመታት ማሳደግ ምን ያህል እንደሚያጓጓ አይጠፋንም።

ድክመት የለውም ማለት ግን አይደለም። ምስሉ ያረጀ ነው። ሜኑው በቁጥርና በሠንጠረዥ የተጨናነቀ ነው፤ ለጀማሪ በደንብ አያስረዳም። ፈቃድ ያልተገኘላቸው ስሞች ተቀያይረው ይመጣሉ። ይህን ተጫዋቾች ራሳቸው አዘጋጅተው በነፃ በሚያጋሩት ዳታቤዝ ማስተካከል ይቻላል። አማርኛ የለውም፤ እንግሊዝኛ የማይከብደው ሰው ነው የሚመቸው። ትዕግሥት የሌለው ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ይተወዋል። እንዲህ ላለ ሰው ቱር ደ ፍራንስ ይሻለዋል፤ በተለይ ለልጆች።

ማናጀሩን ከመረጣችሁ የዘንድሮውን ነው ወይስ ያለፈውን? ከዓመት ዓመት የሚቀየረው በዋነኛነት የቡድኖቹ ዝርዝርና የመድረኮቹ መንገድ ነው። የ2024ቱ እትም ቱሩን ከፍሎረንስ ያስጀምራል፣ የ2025ቱ ከሊል። ይህ ልዩነት ለእናንተ ትልቅ ካልሆነ ያለፈውን ዓመት ግዙ። አዲሱ ሲወጣ የድሮው ዋጋ ይወርዳል፣ ስቲም በተባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ቅናሽ ሲኖር ደግሞ ይበልጥ። ከኦንላይን ግጥሚያ ውጭ ያለው ጨዋታ ለብቻ የሚጫወቱት ስለሆነ የድሮ እትም መያዝ ብዙም አይጎዳም።

አገር ቤት ላላችሁ ክፍያው ነው ችግሩ። ስቲም በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ይፈልጋል። ውጭ ያለ ዘመድ በስጦታ ልላክልህ ካለ መጀመሪያ ስቲም ይፈቅድ እንደሆነ ይይ፤ በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ሰፊ ከሆነ ስጦታው አይላክም። ራሳችሁ ከገዛችሁ ደግሞ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወታችሁ፣ ገንዘባችሁን ማስመለስ ትችላላችሁ። ስለዚህ ያችን 2 ሰዓት በሜኑ አትጨርሷት። ቀጥታ አንድ ተራራማ መድረክ ክፈቱና ላፕቶፓችሁ ይችለው እንደሆነ እዩ።