ካኖን 80ዲ ወይስ ሶኒ ኤ6400? ሁለቱንም ጎጃም ውስጥ ተሸክሜ ያየሁት

ባለፈው ወር አንድ የሠፈራችን ልጅ ደብረ ማርቆስ ያለችው ስቱዲዮዬ መጣ። ብር አጠራቅሟል። ስልኩን ከፍቶ ሁለት ፎቶ አሳየኝ። ሁለቱም ካሜራ ናቸው፤ አንዱ ያገለገለ ካኖን 80ዲ፣ ሌላዋ ያገለገለች ሶኒ ኤ6400። «ጋሼ፣ የቱን ልግዛ?» አለኝ። ሁለቱም እኔ ጋ አሉ። በሁለቱም ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት ሠርቻለሁ። ግን ወዲያው መልስ መስጠት አቃተኝ። ቁጭ በል ብዬ ቡና አስፈላሁለት። ያን ቀን ያወራነውን ነው እዚህ የምጽፈው።

ወረቀት ላይ ያለውን ቶሎ እንጨርሰው። 80ዲ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ኤ6400 በ2019 የወጡ ናቸው። ሁለቱም 24 ሜጋ ፒክስል፤ ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው የሴንሰራቸው መጠንም ያው በያው ነው። ደህና ብርሃን ላይ የተነሣ ፎቶ አትማችሁ ግድግዳ ላይ ብትሰቅሉልኝ የትኛው ከየትኛው እንደወጣ እኔም አልለይም። ስለዚህ «ጥራቱስ?» እያላችሁ አታድክሙኝ። ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ከክብደት እንጀምር። ካኖኑ ባትሪውን ጨምሮ 730 ግራም ነው። እኔ የምገጥምለት 18-135 ሌንስ ደግሞ 515። አንድ ኪሎ ከሩብ ሆነ። ሶኒዋ 403 ግራም፣ አብራት የምትመጣው 16-50 ሌንስ 116። ይህ እንግዲህ አንድ እሽግ ፓስታ ነው። ለአንድ ሰዓት አይታወቅም። ከጠዋት የሙሽሪት ኩል እስከ ማታ ጭፈራ ሲሆን ግን አንገት ይናገራል።

ትንሿን ይዤ ገበያ ብገባ ማንም ዞር ብሎ አያየኝም። በርበሬ የምትሰፍር ሴትዮ ሥራዋን አታቋርጥም። ካኖኑን ሳወጣ ሁሉም ፀጉሩን ያስተካክላል፤ ልጆች ይሰለፋሉ። ሠርግ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። አንዴ በሶኒዋ ብቻ ልሠራ ሄጄ የሙሽራው እናት ጠጋ አሉና «ልጄ፣ ዋናው ካሜራ መቼ ነው የሚመጣው?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሠርግ ላይ ካኖኑ ባይሠራም አንገቴ ላይ ይንጠለጠላል። ሳቁ፤ ደንበኛ ግን በዓይኑ ነው የሚከፍለው።

ሶኒዋ በግልጽ የምትበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ እሱም ነጠላ ነው። ካሜራ ነጭ ሲበዛበት ብርሃን የበዛ ይመስለውና ያጨልማል። ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ሲወጣ በጠራራ ፀሐይ አንሡ፤ ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ ፊት ይጠፋል። የካኖኑ ቪውፋይንደር፣ ዓይናችሁን የምታስጠጉበት ቀዳዳ፣ በመስተዋት የሚመጣውን ትዕይንት እንዳለ ነው የሚያሳየው። ፎቶው መጨለሙን የምታውቁት ካነሣችሁ በኋላ፣ ስክሪኑን በእጃችሁ ከልላችሁ ነው። የሶኒዋ ቪውፋይንደር ትንሽ ስክሪን ስለሆነ ሳታነሡ ውጤቱን ታያላችሁ። ፊቱ ጠቆረ? የብርሃን ማስተካከያውን ወደ ፕላስ አንድ ማዞር ነው፣ ሲፈካ ይታያል። በካኖኑም ያው ማዞሪያ አለ። ልዩነቱ እዚያ በልምድ ነው የምትሠሩት፤ ልምዱ እስኪመጣ ደግሞ የስንቱ ሰው ክርስትና ይበላሻል።

ፎከስም ላይ እሷው ናት። ዓይን ፈልጋ ትይዛለች፣ ልጁ ቢሮጥም አትለቅም። ካኖኑ በቪውፋይንደር ሲሆን 45 ነጥቦች አሉት፤ የተሰበሰቡት መሐል ላይ ስለሆነ ዳር የቆመ ሰው ያስቸግራል።

ቪዲዮ ላይ አንድ ያፈርኩበትን ልንገራችሁ። የመልስ ዕለት ነው። ካኖኑን ትራይፖድ ላይ አቁሜ ሳላቋርጥ እየቀረጽኩ ነበር። ሽማግሌው ተነሡ፣ ምርቃት ጀመሩ። እኔም እንደ ሰው «አሜን» እያልኩ ነው። ማታ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው «እንደ አብርሃምና» ካሉ በኋላ ጸጥ። ሣራ የለችም። ካኖኑ አንዱን ቅጂ 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ ራሱ ያቆማል፤ እኔ ደግሞ ረስቼዋለሁ። ሶኒዋ እንዲህ ያለ ገደብ የላትም፣ 4ኬም ትቀርጻለች፤ ካኖኑ 4ኬ የለውም። ግን ፀሐይ ላይ ብዙ ስትቀርጽ ትግላለች። ሜኑዋ ውስጥ ስትግል የምትጠፋበትን ደረጃ «ሃይ» ላይ ካላደረጋችሁት መሐል ላይ ትዘጋለች። ሌላ ጉድለትም አለባት። የማይክ ቀዳዳ አላት፣ የጆሮ ማዳመጫ ግን የላትም። ማይኩ ተነቅሎ ከሆነ የምትሰሙት ቤት ገብታችሁ ነው። ካኖኑ ሁለቱም አለው። ድምፅ ለሚሸጥ ሰው፣ ለቃለ መጠይቅና ለመዝሙር፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ባትሪ። በአምራቾቹ ልኬት ካኖኑ በአንድ ባትሪ 960 ፎቶ ያነሣል፤ ሶኒዋ በቪውፋይንደር 360 አካባቢ። እኔ ለሠርግ ለካኖኑ ሁለት፣ ለሶኒዋ አራት ይዤ ነው የምወጣው። ይህን አይቶ ካኖን ግዙ የሚል ብዙ ነው። ግን እኛ አገር መብራትም አለ፣ ማለቴ የለም። አንድ ዓርብ ማታ ጠፍቶ እሑድ መጣ። ቅዳሜ ሠርግ አለብኝ። የካኖኑ ቻርጀር ግድግዳ ላይ ካልተሰካ ዕቃ ነው። ጄኔሬተር ያለው ሆቴል ሄጄ ማኪያቶ አዝዤ፣ ቻርጀሩን ጠረጴዛ ሥር ሰክቼ፣ እንደ ሌባ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። ሶኒዋ በድሮ ስልክ ገመድ ከፓወር ባንክ ትሞላለች። ከሙሽራው ቤት ወደ አዳራሹ ስንሄድ ሚኒባሱ ውስጥ ሰክቼያት ስንደርስ ደህና ሆና ነበር። ባዶ ቀን ላይ የምታወጣችሁ እሷ ናት።

ታዲያ ለምን ልጁን «ሶኒዋን ግዛ» አላልኩትም? ምክንያቱ ጎረቤት ነው። እዚህ ከተማ የማውቃቸው ፎቶ አንሺዎች አብዛኞቹ ካኖን ናቸው። አንዱ 6ዲ፣ አንዱ 70ዲ፣ ሌላው ያረጀ 5ዲ ማርክ 2። የሁሉም ባትሪ አንድ ነው፣ ኤልፒ-ኢ6 የሚባለው፤ 80ዲም ይወስደዋል። ሠርግ መሐል ባትሪ ሲያልቅብኝ ደውዬ ባጃጅ ላይ አስጭኜ አውቃለሁ። ሩቁን የሚያቀርበው 70-200 ሌንስ ኖሮኝ አያውቅም፤ በፈለግኩ ቀን ግን አለኝ። እኔም 50 ሚሊ ሜትሯን አውሳለሁ። ይቺ ኤፍ 1.8 የሆነች፣ ብዙ ብርሃን የምታስገባ ሌንስ 160 ግራም ብቻ ናት፣ ከሶኒ መሰሏም ትረክሳለች፤ ለጀማሪ መጀመሪያ የምትገዛ እሷ ናት። የሶኒ ሌንስ ያለው የማውቀው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ባሕር ዳር ነው የሚኖረው። ካሜራ ስትገዙ በአቅራቢያችሁ ያለውን ቦርሳ ሁሉ ቁጠሩ። ግማሹ የእናንተ ነው።

አቧራና ፈረስ ይቀራሉ። ሶኒዋ መስተዋት የላትም፤ ሌንስ ስትፈቱ ሴንሰሩ ፊት ለፊት ተገልጦ ይታያል፣ ብታጠፏትም አይሸፈንም። ወደ ጮቄ ስንወጣ መንገድ ላይ ሌንስ ቀየርኩ። ቤት ስመለስ በእያንዳንዱ ፎቶ ሰማይ ላይ ሦስት ጥቁር ነጠብጣብ፣ ሁሌ እዚያው ቦታ። ካኖኑ ላይ ሹተሩ፣ ማለትም ፎቶ ሲነሣ የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ፣ እና መስተዋቱ ስለሚሸፍኑት ይህ ያን ያህል አላስቸገረኝም። ዝናብ ላይ ግን ሁለቱንም አትመኑ። 80ዲው መከላከያ ቢኖረውም 18-135ቱ የለውም፤ ውኃ ደግሞ በር አይመርጥም። ጢስ ዓባይ ስትሄዱ ፌስታልና ፎጣ ያዙ።

እንጅባራ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች ሲወጡ ሶኒዋን ድምፅ አልባ ሹተር ላይ ረስቼ አነሣሁ። ፈረሱ በሙሉ ፍጥነት፣ ጌጡ እየተወዛወዘ፣ ጎበዝ ፎቶ። ሳሰፋው እግሮቹ እንደ ጎማ ተጣመዋል። ያ ሹተር ሴንሰሩን ከላይ ወደ ታች ነው የሚያነበው፣ ፈረሱ ደግሞ አይጠብቀውም። በሜካኒካል ሹተር አንሡ፣ ያኔ ችግር የለም። ድምፅ አልባው የሚጠቅመው ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ውስጥ የግድግዳውን ሥዕል ስታነሡ ነው። ጨለም ይላል፣ ፍላሽ የለም፣ አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት፣ 3200 ማድረስ ግድ ነው። እዚያ የካኖኑ ቀጭ ቀጭ እኔን ራሴን ያሳፍረኛል። አዳራሽ ውስጥ ግን ድምፅ አልባውን ከኤልኢዲ መብራት ጋር አታገናኙት፣ ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ያሠምራል።

ስልክስ? ለቴሌግራም ይበቃል። ብዥ የሚያደርገውን ዳራ ስታበሩት ግን የሹሩባውን ጫፍና የነጠላውን ዘርፍ ይበላዋል። ይህን እናቶች ያዩታል።

ያገለገለ ስትገዙ የስልክ ባትሪ አብርታችሁ በሌንሱ ውስጥ አሻግራችሁ እዩ። እንደ ሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ ተዉት። እኔ ሳላይ ገዝቼ የሻጩ ስልክ ከዚያ ቀን ጀምሮ አይነሣም። ካኖኑ ስንት ጊዜ እንዳነሣ ደግሞ ሜኑው ውስጥ አይገኝም፤ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ በሶፍትዌር ማየት ይቻላል። ሹተሩ ለ100,000 ፎቶ ነው የተሠራው። ሻጩ «ትንሽ ነው የተነሣበት» ሲላችሁ ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱ።

ልጁን መጨረሻ ላይ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፤ «ብቻህን ነው የምትሠራው ወይስ ከኛ ጋር?» ብቻውን ለቪዲዮ፣ ለዩቲዩብ፣ መንገድ ለመንገድ ከሆነ ሶኒዋን፤ ሠርግ ከኛ ጋር ከሆነ 80ዲውን ከ50ዋ ሌንስ ጋር አልኩት። 80ዲውን ገዛ። ትናንት ባትሪ ሊዋስ መጥቶ ነበር።