የሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍ በደሴ፦ ከልጄ ጋር ያየሁት አገልግሎት

ባለፈው ማክሰኞ የ19 ዓመት ልጄን በጀርባዬ አዝዬ 22 ደረጃ ወጣሁ። ደረጃው ፒያሳ አካባቢ ያለ የአንድ ባንክ ቅርንጫፍ ነው። ዊልቸሩን ጥበቃው ታች ያዘልኝ። ሴፍቲኔት የሚባለው ለድሃ ቤተሰብ የሚሰጠው የመንግሥት ድጋፍ ክፍያችን የሚገባበት ሒሳብ በልጄ ስም ስለሆነ፣ ለማደስ ባለ ሒሳቡ ራሱ በአካል ቀርቦ በጣት አሻራ ይፈርም ተባልን። ቀረበ። ጣቶቹ ግን አልዘረጋ አሉ። ሰኢድ ሲወለድ ትንፋሽ አጥሮት አንጎሉ የተጎዳ ልጅ ነው፤ ሐኪሞች ሴሬብራል ፓልሲ ይሉታል። ሰው ሲበዛበትና ሲደነግጥ እጁ እንደ ድንጋይ ይጨበጣል። አንድ ሰዓት ተቀመጥን። በመጨረሻ ሠራተኛዋ በለሰለሰ ድምፅ «እማማ፣ ሌላ ቀን ይዘውት ይምጡ» አለችኝ። ልጅቷን አልቀየምኳትም። እንደገና አዝዬው ወረድኩ።

የዚያን ቀን ለባጃጅ ደርሶ መልስ 300 ብር ከፈልኩ። ቤታችን ጦሳ ተራራ ሥር ዳገቱ ላይ ነው፤ ዊልቸር ይዞ ከሌላ ሰው ጋር መጋራት ስለማይቻል ሁልጊዜ ኮንትራት ነው። ያውም ባጃጁ የሚደርሰው ኮብልስቶኑ እስካለበት ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን መንገድ ልጄ የሚያልፈው በእኔ ጀርባ ነው። ጎረቤቴ እትየ ዘምዘም ለዚያው ለባንክ ጉዳይ በእግሯ ወርዳ በእግሯ ትመለሳለች። እንግዲህ ስለዚህ አገልግሎት ልናገር የምፈልገው ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፦ ክፍያው ሲሰላ እኔንና እትየ ዘምዘምን እኩል ይቆጥረናል። የሰው ራስ ይቆጥራል እንጂ ያ ሰው ለመኖር ምን ያህል እንደሚያወጣ አይቆጥርም።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በዓለም ባንክ ድጋፍ በ2009 ዓ.ም. ሲጀመር ደሴ ከመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች አንዷ ነበረች። ተጠቃሚው በሁለት ይከፈላል። መሥራት የሚችል ሰው ያለበት ቤተሰብ በአካባቢ ልማት ሥራ ይሰማራል፤ መንገድ ይጠርጋል፣ ቦይ ይቆፍራል፣ ችግኝ ይተክላል። የሚሠራ ሰው የሌለበት፣ አረጋዊ ወይም አካል ጉዳተኛ ብቻ የሚኖርበት ቤት ደግሞ ያለ ሥራ የቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። በሁለቱም መንገድ አልፌያለሁ፤ ስለዚህ የምናገረው በሰሚ ሰሚ አይደለም።

በመጀመሪያው ዙር ኮሚቴው ቤታችንን ሲያይ «አንቺ ጤነኛ ነሽ፣ መሥራት ትችያለሽ» አለኝ። እውነት ነው፣ እጄም እግሬም ደህና ነው። ነገር ግን ይህ ጤነኛ እጅ ሲነጋ ልጁን ያጥባል፣ ያለብሳል፣ ገንፎውን አላምጦ መዋጥ እስኪችል በማንኪያ ጫፍ ጫፉን ያጎርሳል፣ እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ያገላብጠዋል። ይህን ማንም እንደ ሥራ አልቆጠረልኝም። የቀን ክፍያው 60 ብር ነበር፤ ለአንድ ሰው በወር አምስት ቀን፣ ለሁለታችን አሥር ቀን፣ 600 ብር። ከእሱ ላይ 20 በመቶው፣ 120 ብሩ፣ በቁጠባ ይያዛል። መጥረጊያዬን ይዤ በጨለማ ስወጣ እትየ ዘምዘም ልጄን ታይልኝ ነበር። እሷ ለቅሶ የሄደች ቀን በሩን ዘግቼበት ወጣሁ። ስመለስ ከአልጋው ወድቆ፣ የሚጥል በሽታው ተነሥቶበት፣ ግንባሩ ደምቶ አገኘሁት። ጠባሳው ዛሬም ቅንድቡ ላይ አለ።

ዙሩ ሲያልቅ ተመረቅሽ፣ ከድጋፉ ወጣሽ አሉኝ። አዎ፣ ቃሉ ይኸው ነው፣ ምረቃ። ሰኢድ ግን በዚያን ቀን ከዳይፐርም፣ ከመድኃኒትም፣ ከእኔ ጀርባም አልተመረቀም።

በኋላ እንደገና ስንመዘገብ ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው አመለከትኩና ወደ ቀጥታ ድጋፍ ተዛወርን። ይህን ያደረገልን አንድ የማህበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ወጣት ነው፤ ዳገቱን ወጥቶ ቤት ድረስ መጣ፣ ልጁን ስመግበው ቁጭ ብሎ አየ፣ ያየውንም ጻፈ። ከአገልግሎቱ ሁሉ የማመሰግነው ይህን ነው። ሌላም መልካም ነገር አለው፦ ገንዘቡ በባንክ ስለሚገባ በመሃል የሚቆርጥ እጅ የለም፤ ቢዘገይም ሙሉውን ይደርሳል። ይህን ሳልናገር ማለፍ ግፍ ይሆንብኛል። በጥቅምት 2014 ከተማዋ በጦርነቱ ስትያዝ ሰው ሁሉ ሲሸሽ ልጄን ይዤ የትም መሄድ ሳልችል ቤቴ ዘግቼ ቀርቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ የክፍያ ቀን ወረፋው ላይ ክራንች የያዘ ወጣት በዝቷል።

መጠኑ ግን አንገት ያስደፋል። በቀጥታ ድጋፍ አንድ ሰው የሚያገኘው የአካባቢ ልማት ሥራ ከሚሠራው ያነሰ ነው። ይህን ነገር ብዙ ሌሊት አስቤበት አልገባኝም። መሥራት የሚችለው ሰው ከተከፈለው ሌላ ጎን ለጎን ሸቅሎ፣ እንጀራ ጋግሮ ሊጨምርበት ይችላል። መሥራት የማይችለው ከየት ይጨምር? የሚጥል በሽታው መድኃኒት በጤና መድናችን ሲገኝ ነፃ ነው፤ ሲጠፋ ከግል ፋርማሲ በእጅ በእጅ እንገዛለን፣ አንድ ቀንም ሊዘለል አይችልም። የአዋቂ ዳይፐር ስለማልችል አሮጌ ነጠላ እየቀደድኩ፣ እያጠብኩ እጠቀማለሁ፤ በክረምት ነጠላው አይደርቅም፣ የደሴን ብርድና ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል። ሳሙናው፣ ከሰሉ፣ ውሃው ሁሉ ከዚያችው ክፍያ ነው።

ለዚህ ነው አሥራ አራት ቤተሰቦች ሆነን ማመልከቻ የጻፍነው። የጻፈልን ማየት የተሳነው የሕግ ምሩቅ ነው፤ እሱም በአንድ ባንክ ሒሳብ ሊከፍት ሄዶ ምስክር አምጣ ተብሎ የተመለሰ ሰው ነው። ሲያነብልን ብዙዎቻችን አለቀስን፣ ምክንያቱም የምንለምን መስሎን ኖረን ሕጉ ግን አስቀድሞ ጽፎት ኖሯል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5፣ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ እንዲመድብ ተደንግጓል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 28፣ በድህነት የሚኖሩ አካል ጉዳተኞችና ቤተሰቦቻቸው ከጉዳቱ ጋር ለተያያዘ ወጪ የመንግሥት እርዳታ እንዲያገኙ ይላል። «ከጉዳቱ ጋር ለተያያዘ ወጪ» የሚለውን ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። የእኔ 300 ብር የባጃጅ፣ የእኔ ሳሙና ማለት ነው። የሕንፃ አዋጁም፣ ቁጥር 624/2001፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር የሚሄድ ሰው የሚገባበት መንገድ እንዲኖረው አዟል።

የጠየቅነው የቀጥታ ድጋፍ ክፍያ ከሠራተኛው እንዳያንስ፣ ከባድ ጉዳት ላለበት ሰው በክፍያው ላይ የጉዳት ወጪ እንዲታከልለት፣ ልጅ የምታገላብጥ እናትም ሥራ ፈት ተብላ እንዳትመዘገብ ነው። በጣም የምጓጓው ለመጨረሻው ነው። ገንዘቡ ቢዘገይ እንኳ፣ መዝገቡ ላይ ስሜ አጠገብ «ተንከባካቢ» የሚል ቃል ተጽፎ ማየት እፈልጋለሁ።

አገልግሎቱን የምትጠቀሙ ወገኖቼ፣ ወደ ቀጥታ ድጋፍ ለመዛወር ስታመለክቱ የሐኪም ማስረጃችሁን ዋናውንና ሁለት ኮፒ ያዙ፤ ያስገባችሁበትን ቀን በራሳችሁ ኮፒ ላይ አስፈርሙ። ባንኩ ፎቅ ላይ ከሆነ ደግሞ ሰው አዝላችሁ አትውጡ። ዓርብ ዕለት ተመልሼ ሄድኩ፤ ልጄን ባጃጁ ውስጥ ትቼ ብቻዬን ወጣሁና አንቀጽ ሳልጠቅስ ሠራተኛዋን «ልጄ፣ አንቺ ብትወርጅልኝስ?» አልኳት። አለቃዋን አስፈቅዳ ፎርሙንና የቀለሙን ሳጥን ይዛ ወረደች። ባጃጁ በር ላይ ቁጢጥ ብላ እጁን በሁለት እጇ ያዘችና ዝም ብላ ጠበቀች። ሰባት ደቂቃ ያህል ፈጀ። ከዚያ አውራ ጣቱ ተዘረጋ።