የጎርፍ መከላከያ ክትራችን ጠባቂዎች፦ ለክረምቱ ምስጋና፣ ለበጋው ቅሬታ

ከሰከላ ተነሥቶ ጣና የሚገባው ግልገል ዓባይ በነሐሴ ሲሞላ የበቆሎ ማሳዬ በክትሩ ሠራተኞች እጅ ነው። የሌሊት ጥበቃቸው እንከን የለውም። አንዱ ተረኛ ከክትሩ ግርጌ የሚመነጨውን ውሃ በጣሳ ቀድቶ በባትሪ አሳየኝ፤ «ንጹሕ ከሆነ እንከታተለዋለን፤ ከደፈረሰ ግን አፈሩን ከውስጥ እየበላው ነው» አለኝ። ደፍርሶ ነበር። ቀዳዳውን ሳይደፍኑ ዙሪያውን በአሸዋ ከረጢት አጠሩት፤ ደግ አደረጉ፣ መውጫ ያጣ ውሃ በሌላ በኩል ይፈነዳልና።

የበጋው ጥገና ግን አይወራ! ጃርት የቆፈረው ጉድጓድ አፉን ከፍቶ ከረመ፤ ከብቱም ሣሩን ግጦ ጫፉን ናደው። የማን ድርሻ ነው ብዬ ብጠይቅ አንዱ ወደ ሌላው መራኝ። በመጨረሻ አፈር ጭነው የመጡት በሐምሌ ዝናብ ነው። ጭቃ ይጠቀጠቃል እንዴ?