«ክሪኬት 19»፦ የ1984ቱን ዌስት ኢንዲስ መልሶ ለመሥራት ምን ያህል ይመቻል?

የአውስትራሊያው ቢግ አንት ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው «ክሪኬት 19» የድሮ ብሔራዊ ቡድኖችን መልሶ ለመሥራት በጣም የሚመች ጌም ነው። ይህን ያተረፉለት ሁለት ክፍሎቹ ናቸው፤ ተጫዋችና ቡድን የሚፈጠርበት «አካዳሚ» እና ግጥሚያው ከየት እንደሚጀምር ራሳችሁ የምትወስኑበት «ሲናሪዮ»። ለመፈተኛ እ.ኤ.አ. በ1984 እንግሊዝን በሜዳዋ በአምስት የቴስት (እስከ አምስት ቀን የሚዘልቅ ዓለም አቀፍ) ግጥሚያዎች 5 ለ 0 ከረታው ዌስት ኢንዲስ፣ ማለትም ከካሪቢያን አገሮች የጋራ ቡድን፣ የተሻለ ቡድን አይገኝም።

ያለውን ዌስት ኢንዲስ አታፍርሱት፣ አዲስ ቡድን ክፈቱ። ከፊት ገጽታ በፊት ቁመትና እጅ ይስተካከል። ክላይቭ ሎይድና ላሪ ጎምስ ግራኝ መቺዎች ናቸው። ጆኤል ጋርነር 2.03 ሜትር ነው፤ ኳሱ ከላይ ወርዶ ወደ መቺው ደረት ይነሳል። ማልኮም ማርሻል ግን 1.80 ገደማ ሆኖ ኳሱ ዝቅ ብሎ ይፈተለካል። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ቁመትና አወራወር ከሰጣችሁ አንድ ሰው ከሁለት ጫፍ እየወረወረ ይመስላል፤ የዚያ ቡድን አስፈሪነትም እዚያው ያበቃል።

ብዙ ሰው ሥራውን የሚያበላሸው በተጫዋቾች የችሎታ ነጥብ ላይ ነው። ታላላቅ ስለነበሩ ብቻ ለሁሉም 99 መስጠት ግጥሚያውን በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። የወርዋሪዎቹን የቴስት አማካይ ተመልከቱ፤ አንድ መቺ ለማስወጣት (አንድ ዊኬት ለማግኘት) የሰጡት ራን፣ ማለትም የግጥሚያ ነጥብ፣ ባነሰ ቁጥር ይሻላል፦ ማርሻል በአንድ ዊኬት 20.94 ራን፣ ጋርነር 20.97፣ ማይክል ሆልዲንግ 23.68። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እኩል ይሁኑ፤ የሆልዲንግ ትክክለኛነት ጥቂት ዝቅ ይበል፣ ፍጥነቱ ግን አይነካ። በመቺዎች በኩል ግን ከፍ ያለው አማካይ ይሻላል፤ ቪቭ ሪቻርድስ 50.23፣ ጎምስ 39.63 ነው። የጎምስን ነጥብ መቀነስ ብቻውን አይበቃም፤ የአጨዋወት ጠባዩን «ጠንቃቃ» ካላደረጋችሁት እንደ ሪቻርድስ ልምታ ብሎ ቶሎ ይወጣል። ጄፍ ዱጆንን ዊኬት ጠባቂ (ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳስ የሚይዝ) ብላችሁ መመዝገብ አትርሱ።

ሲናሪዮው ላይ የዚያን ዓመቱን የሎርድስ (የለንደን ሜዳ) ግጥሚያ ሥሩ። እንግሊዝ 286 እና 300 በ9 (ዘጠኝ መቺዎች ወጥተው)፣ ዌስት ኢንዲስ 245፤ ለማሸነፍ 342 ራን በ78 ኦቨር (አንዱ ኦቨር ስድስት ኳስ ነው) ያስፈልጋል። አሰላለፉ ግሪኒጅ፣ ሄይንስ፣ ጎምስ፣ ሪቻርድስ፣ ሎይድ፣ ዱጆን፣ ማርሻል፣ ባፕቲስት፣ ሃርፐር፣ ጋርነርና ስሞል ነው። ሆልዲንግን እዚህ ማስገባት የተለመደ ስህተት ነው፤ በሎርድስ በእሱ ቦታ የተሰለፈው ሚልተን ስሞል ነበር። በእውነተኛው ቀን 66.1 ኦቨር ብቻ ፈጅቶባቸው 344 በ1 ጨረሱ፤ ጎርደን ግሪኒጅ 214፣ ጎምስ 92፣ ሁለቱም ሳይወጡ። የሚያስፈልገው በኦቨር 4.4 ገደማ ስለሆነ የግሪኒጅ ጠባይ ከመጨረሻው የአጥቂነት ደረጃ አንድ ደረጃ ዝቅ ይበል።

የጌሙ ድክመት መልክ ላይ ነው። ፊት መቅረጽ ብዙ ሰዓት ይበላል፣ ውጤቱም እምብዛም አይመስልም። እኔ ብመክር ያንን ሰዓት ለሜዳ አሰላለፍ አውሉት፤ ለፈጣኖቹ ሦስት ወይም አራት ስሊፕና አንድ ጋሊ (በመቺው ዱላ ጠርዝ ተነክቶ የሚያመልጥ ኳስ ለመያዝ የሚቆሙ ተጫዋቾች) ያለው የራሳችሁን አሰላለፍ አዘጋጁ። የቪዲዮ ሪቪውም አትጠይቁ፤ በ1984 አልነበረም። ሪቻርድስን ደግሞ ሄልሜት አታልብሱት፤ በዘመኑ ሁሉ ፈጣን ወርዋሪዎችን የገጠመው በኮፍያ ነው።