ለጅማው ሹፌራችን ለሐጂ፦ ስለ አምስቱ ሌሊቶች ምስጋና

በዚህ ክረምት መግቢያ እኔና የሥራ ባልደረባዬ ለአምስት ሌሊት ከጅማ እየተነሳን እንቁራሪት፣ እስስትና እባብ ስንፈልግ፣ ያገኘነውንም ፎቶግራፍ ስናነሳ የሰነበትነው በአንድ አረጋዊ ሹፌር ትዕግሥት ነው። መነኸሪያው አካባቢ ሁሉም ሐጂ እያለ ስለሚጠራቸው እኔም እንዲሁ እጠራቸዋለሁ። ስማቸው በአደባባይ እንዳይጻፍ ጠይቀውኛልና ከዚህ አላልፍም። ምስጋናው ግን በአደባባይ እንዲሆን እፈልጋለሁ፤ እንዲህ ያለ ሰው የሚፈልጉ ሌሎች እንዳሉ አውቃለሁና።

የእኛ ሥራ የሚጀምረው ሌላው ሰው ሲተኛ ነው። እንቁራሪት ቀን ቀን ቅጠል ሥር ተሸጉጦ ዝም ይላል፤ የሚጮኸው ከመሸ፣ በተለይም ዝናብ ካባራ በኋላ ነው። እስስትም ቀን ላይ ከቅጠሉ ጋር ተመሳስሎ ዓይን ያታልላል፤ ሌሊት ግን ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ሲተኛ ቀለሙ ይገረጣል፤ የባትሪ ብርሃን ሲያርፍበት ከሩቅ ይለያል። ስለዚህ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 እና 8 ሰዓት ጭቃ ውስጥ መቆም ግድ ነው። ያን ሁሉ ሰዓት በጨለማ መንገድ ዳር መኪና ይዞ የሚጠብቅ ሹፌር ከየት ይገኛል? ባለፈው ዓመት በሌላ ከተማ የተከራየነው ሹፌር ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ «ለሌሊት አልተዋዋልኩም» ብሎ ጥሎን ስለሄደ ስድስት ኪሎ ሜትር በዝናብ በእግራችን ተጉዘናል። ዘንድሮ ጅማ እንደገባን ከሌንሱም ከፍላሹም በፊት ያሳሰበን የሹፌር ነገር ነበር።

ሐጂን ያገናኘን ቁርስ የበላንበት ቤት ባለቤት ነው። ለምን እንደመጣን ስንነግራቸው አልሳቁብንም። «ለእንቁራሪት ነው ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣችሁት?» አሉና ጥቂት አሰቡ፤ ከዚያ ሦስት ነገር ጠየቁን። ወዴት ነው? እስከ ስንት ሰዓት ነው? ሦስተኛውን ሲጠይቁ ድምፃቸው ጠበቅ አለ፦ «ልጆቼ፣ እባብ ቢነድፋችሁ ወዴት ነው የማደርሳችሁ?» የተዘጋጀ መልስ አልነበረንም። እሳቸው ራሳቸው ወሰኑ፤ በየትኛውም አቅጣጫ ብንሆን ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነው የምንመለሰው። ከዚያም በየመንገዱ ስልክ የማይሠራባቸውን ቦታዎች በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉልን። ዋጋ የተነጋገርነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ለምን ጅማ ለሚል ሰው ባጭሩ ልመልስ። በኢትዮጵያ ከተመዘገቡት ከ70 በላይ የእንቁራሪት አስተኔ ዝርያዎች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከአገራችን ውጭ የሉም። ከእነዚህ ብዙዎቹ የደቡብ ምዕራቡ ደን ልጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 እንኳን በዚያው ደቡብ ምዕራብ ከቢቢታ ተራራ አንዲት አዲስ ትንሽ እንቁራሪት ለሳይንስ ተመዝግባለች፤ ስሟም የተራራውን ስም ይዟል። ጅማ ለዚህ ሁሉ በር ናት። በሸቤ በኩል ወደ በለጠ ደን፣ አልፎም ወደ ቦንጋ፤ በአጋሮ በኩል ወደ በደሌና መቱ ታደርሳለች።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች በበለጠ ደን ዳርቻ አሳለፍን። ወደ ደን መግባት ዝም ብሎ አይሆንም፤ ቀድሞ ማሳወቅና የአካባቢውን የደን ተጠቃሚዎች ማኅበር ሰዎች ማነጋገር ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የሐጂ አፋን ኦሮሞ ግማሹን ሥራ ሠራልን። በሌሊት ባትሪ ግንባሩ ላይ አስሮ ረግረግ የሚያስስ እንግዳ ወርቅ ፈላጊ ወይም ሌባ ቢመስል አይፈረድም። ሐጂ ከእያንዳንዱ መንደር ሽማግሌ ጋር ቁጭ ብለው፣ ቡና ከቀረበ ቡናውን ጠጥተው፣ ራቻ ፈልገን እንደመጣንና ምንም ይዘን እንደማንሄድ በእርጋታ ያስረዱ ነበር። ራቻ በአፋን ኦሮሞ እንቁራሪት ነው። በሁለተኛው ቀን የሰፈሩ ልጆች ራሳቸው ራቻ የሚበዛበትን ጉድጓድ እየሮጡ አሳዩን።

አንድ ነገር በተለይ መጻፍ አለብኝ። በዓለም ዙሪያ እንቁራሪቶችን የሚጨርስ የቆዳ ፈንገስ አለ፤ በኢትዮጵያም መኖሩ ተረጋግጧል። እንቁራሪት ውሃና ጨው የሚያስገባው በቆዳው ነው፣ በቆዳውም ይተነፍሳል፤ ፈንገሱ ቆዳውን ሲያበላሸው የሰውነቱ ጨው ይዛባና ልቡ ይቆማል። ይህ ተውሳክ ከአንዱ ረግረግ ወደ ሌላው በጫማ ጭቃ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ከአንድ ውሃ ወጥተን ወደ ሌላው ከመግባታችን በፊት ቦቲ ጫማችንን በብሩሽ ፈቅፍቀን በበረኪና እናጥባለን። ይህን ለሐጂ በመጀመሪያው ሌሊት አንድ ጊዜ ብቻ ነገርናቸው። በማግስቱ ከረግረጉ ስንወጣ ጀሪካኑ፣ ሳህኑና ብሩሹ ከመኪናው ኋላ ተደርድረው ጠበቁን፤ በረኪናውም ተለክቶ ተበጥብጧል። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ማስታወስ አላስፈለገንም። እንዲያውም በሦስተኛው ሌሊት ባልደረባዬ ደክሞት ጫማውን ሳያጥብ ሊገባ ሲል «መጀመሪያ ጫማው» ብለው በሩ ላይ አቆሙት። እኔ በዚህ ሙያ ከቆዩ ሰዎች እንኳ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ሁልጊዜ አላየሁም።

ሦስተኛው ሌሊት የሄድነው ወደ ቦንጋ አቅጣጫ ነው። የፈለግነው ማልኮም ላርገን የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1974 ለሳይንስ ያስተዋወቃትን፣ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ውጭ በዓለም የትም የማትገኘውን የሙዝ እንቁራሪት ነበር፤ ሳይንሳዊ ስሟ አፍሪክሳለስ ክላርኪ ነው። ቀኑን ሙሉ ያየናቸው ረግረጎች ወይ ደርቀዋል ወይ ታርሰዋል። ተስፋ ቆርጠን ስንመለስ ሐጂ ፍጥነታቸውን ቀነስ አደረጉና፣ ከዓመታት በፊት ጎማ ፈንድቶባቸው ያደሩበትን ቦታ አነሱ። «ያን ሌሊት ደረቅ ባቄላ ምጣድ ላይ ሲንጣጣ የመሰለ ድምፅ ከሣሩ ውስጥ አላስተኛኝም» አሉ። ባልደረባዬና እኔ ተያየን። የዚህ ወገን እንቁራሪቶች ድምፅ እንዲያ ያለ ነው።

ቦታው ስንደርስ ሞተሩንም መብራቱንም አጠፉ። ጥቂት ጠበቅን። ከዚያ ባቄላው መንጣጣት ጀመረ።

እንዲህ ያለችን ትንሽ ፍጥረት በድምፅ ብቻ ማግኘት ከባድ ነው፤ ጆሮ አቅጣጫን እንጂ ርቀትን በደንብ አይነግርም። ስለዚህ ሁለት ሰው ተራርቆ ይቆምና እያንዳንዱ ድምፁ ወደሚመጣበት በባትሪ ይጠቁማል፤ ሁለቱ ብርሃኖች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው የሚፈለገው። ባልደረባዬ ካሜራውን ስለያዘ ሁለተኛው ጠቋሚ ሐጂ ሆኑ። ኩታቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ዳርቻው ላይ እንደ ሐውልት ቆመው፣ ድምፁ ሲቋረጥ እጃቸውን ሳያወርዱ ሲጠብቁ አሁንም ይታየኛል። ብርሃኖቹ የተገናኙት አንድ ሰፊ ቅጠል ላይ ነበር። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አትበልጥም፤ በብርሃኑ ወርቅ ትመስላለች። በሌንሱ ሳያት የዓይኗ ብሌን እንደ ድመት ወደ ላይና ወደ ታች የቆመ ነው፤ ከሌሎች የሸምበቆ እንቁራሪቶች የሚለያትም ይኸው ነው። አሥራ አንድ ፎቶግራፍ አንስተን፣ ሳንነካት፣ ቅጠሉን ሳናጎብጥ ወጣን። ቦታውን ግን ሆን ብዬ አልጽፍም፤ ለሽያጭ የሚሰበስቡ ሰዎች ይህንንም ያነባሉና።

በአጋሮ በኩል ስላለፉት ሁለት ቀናት ብዙ አልጽፍም። የፈለግነው ትንሽ ዓይን በሚል ትርጉም የተሰየመውን የኢትዮጵያ ተራራ እፉኝት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ለሳይንስ የተመዘገበው በበደሌና በመቱ መካከል ባለው በዶኪ ወንዝ ድልድይ አካባቢ ከተገኘ ናሙና ነው። አላገኘነውም። ያገኘነው አንድ ገበሬ ቡና ማከማቻ ውስጥ ጆንያ ሥር የተጠቀለለ፣ መርዝ የሌለው ቡናማ የቤት እባብ ነው፤ ዱላም ተነስቶበት ነበር። ሐጂ እባብ ይፈራሉ፤ ከአምስት እርምጃ አይጠጉም። ያን ቀን ግን ከደጅ ሆነው ለባለቤቱ፣ ይህ ቦፋ አይጥ በሊታ እንደሆነና የቡናውንና የበቆሎውን ጠላት እንደሚበላ ነገሩት። ማታ እኛ ያጫወትናቸውን ነበር የደገሙለት። ዱላው ወረደ፤ እባቡም ወደ አጥሩ ሄደ።

ለሚቀጥሯቸው ሰዎች ማወቅ የሚገባቸውን ልናገር። መኪናቸው አሮጌ ነው፣ ነገር ግን በጭቃ አያሳፍርም፤ ሁለት ትርፍ ጎማ አላቸው። የስግደት ሰዓት ሲደርስ ያቆማሉ፤ ዓርብ እስከ ጁምዓ ስግደት ማብቂያ ድረስ ከጅማ አይወጡም፤ ጉዟችሁን በዚያ ልክ አስቡ። የነዳጅ ዋጋ ስለሚለዋወጥ ሒሳባቸውን አልጽፍም፤ የተስማማንበትን ግን በአንድ ብር አላሳለፉትም። ለሌሊቱ ተጨማሪ አልጠየቁም ነበርና ጨምራችሁ ክፈሉ፤ እኛም ከፍለናል።

ስልካቸውን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ፤ እሳቸውም ፈቅደዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ለመሄድ ያሰባችሁ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድማችሁ ደውሉ፤ ደግሞም ከመግሪብ በኋላ ይሁን፣ ቀን ቀን መሪ ይዘው ስልክ አያነሱም። የራሳችሁን በረኪና መግዛት አያስፈልጋችሁም፤ አንድ ጀሪካን ከመኪናው ኋላ እንደተቀመጠ ነው።